በኬንያ የባሕር ዳርቻ መንደር ለመክረም ላሰብከው ወንድሜ፦ ባሕሩ ሲሸሽ ሳታይ ቤት አትከራይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ከባለቤትህ ጋር በኬንያ የባሕር ዳርቻ፣ በአንድ ጸጥ ያለ የገጠር መንደር ሁለት ወር ያህል ለመቀመጥ እንዳሰባችሁ፣ ቤቱን በፎቶግራፍ አይታችሁ እንደወደዳችሁት፣ ደላላው ግን የሁለቱን ወር ኪራይ ከነመያዣው በቅድሚያ ላኩ እንዳላችሁ ጽፈሃል። «ብንልክ ይሻላል ወይስ ደርሰን ብንፈልግ?» ነው ያልከው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች ስለ አውሮፕላን ትኬትና ስለ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ሲያስረዱህ ውለዋል። የጠየቅኸውን የመለሰልህ አላየሁም።

አትላክ። አንዲት ሳንቲም እንዳትልክ።

ባለቤቴ ጡረታ በወጣ ሰሞን ሐኪሙ ለሳንባው ሲል ከፍታው ዝቅ ያለ ቦታ ከርሞ እንዲመለስ መከረው። እኔ አዳማ ትበቃናለች ብዬ ነበር፤ ልጆቻችን ግን «አባባ አንድ ጊዜ እንኳ ባሕር ይይ» ብለው ድርቅ አሉ። እናም ከዋታሙ ከተማ ወጣ ብሎ ሚዳ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ አካባቢ ባለች መንደር ከረምን። የእናንተም ሐሳብ ከእኛው እንደማይለይ ገምቼ ነው የምጽፍልህ። ስለ ቪዛና ስለ ቢጫ ወባ ካርድ አልነግርህም፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለ ቪዛ እስከ 90 ቀን መቀመጥ እንደሚቻል ራስህ ጽፈኸዋል።

1. መጀመሪያ ሂድ፣ ከዚያ ተከራይ።

ከአዲስ አበባ ሞምባሳ ቀጥታ በረራ አለ። በናይሮቢ በኩል ካለፋችሁ ደግሞ በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሥራ የጀመረው ባቡር አለላችሁ፤ ምቹ ነው። የሚያወርዳችሁ ግን ሞምባሳ መሃል እንዳይመስልህ። ጣቢያው ሚሪቲኒ የሚባል፣ የከተማዋ መሃል ካለበት ደሴት ውጭ ያለ ሰፈር ነው፤ ማታ ከደረሳችሁ የታክሲ ሹፌሮቹ ዋጋውን የሚቆርጡት የሻንጣችሁን ብዛት ቆጥረው ነው። ከሞምባሳ ወደ ሰሜን በኪሊፊ አድርጋችሁ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ። ለሚኒባሱ ረዳት «ጌዴ አውርደን» ትሉታላችሁ፤ ከመገንጠያው ዋታሙ ድረስ ባጃጅ ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ርካሽ እንግዳ ማረፊያ እደሩና በመንደሮቹ በእግራችሁ ዙሩ። የትኛው ቤት ባዶ እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት የተከራየው ሰው ለምን እንደወጣ ከሱቅ ሻጭ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሳሙናና ክብሪት እየገዛህ ትጠይቃለህ፤ በሁለተኛው ቀን እሱ ራሱ ይጠራሃል።

2. ባሕሩን ሞልቶም ሸሽቶም እየው።

እኛ የደጋ ሰዎች ባሕር የምናስበው እንደ ሐይቅ ነው፤ ዛሬ ያየነው ዳር ነገም እዚያው የሚጠብቀን ይመስለናል። የሕንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይበረታል፤ በዚያ ዳርቻ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ከፍታ ከ3 ሜትር ያልፋል። 3 ሜትር ስልህ ወደ ላይ ነው። መሬቱ ለጥ ያለ በሆነበት ቦታ ይህ ማለት ውኃው በመቶ የሚቆጠር ሜትር ርቆ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ ያ ደላላ «ከባሕር አሥር እርምጃ» ካለህ፣ አሥር እርምጃው በስንት ሰዓት የተለካ እንደሆነ ጠይቀው። ዛሬውኑ ጻፍለት፤ ቤቱን ባሕሩ ሸሽቶ እያለ ፎቶግራፍ አንስቶ ይላክልህ። ካንገራገረ መልስህን አገኘህ።

የእኛ ደላላ የላከልን ፎቶግራፍ ውሸት አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በረንዳ አለ፣ ከበረንዳው የሚወርዱ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ፣ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ውኃ የመጨረሻውን ደረጃ ይልሳል፣ አንዲት ታንኳ በገመድ ታስራ ትንሳፈፋለች። እኛ የደረስነው ቀትር ላይ ነበር። በረንዳው አለ፣ ደረጃውም አለ። ታንኳዋ ጎኗን ሰጥታ ጭቃ ላይ ተጋድማለች፤ ገመዷ እንደታሰረ ነው። ከዚያ ወዲያ ዓይን እስኪደክም ግራጫ ጭቃ፤ ጭቃው በጣት በተወጋ በሚመስል ቀዳዳ ተበሳስቷል፣ ከየቀዳዳው አንድ ክንዷ ብቻ የገዘፈ ትንንሽ ሸርጣን ብቅ እያለች ትገባለች። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ከሩቅ ማንግሮቭ የሚባለው በጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ጫካ ይታያል። ባለቤቴ ሻንጣውን መሬት ሳያስነካ «ባሕሩን ማን ወሰደው?» አለኝ።

ማታ ውኃው መጣ፤ አልዋሽም፣ ያምራል። ግን በጨለማ መጥቶ በጨለማ ሄደ። ገላዬን ልታጠብ ቧንቧ ብከፍት ደግሞ ሳሙናው አረፋ አላወጣ አለ። ጉድጓዱ ከባሕሩ ጥግ የተቆፈረ ስለሆነ ውኃው ጨው ነው። ሻዩን ያፈላነው በዚያው ነበር፤ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ኩባያውን ወደ እኔ ገፋው። አንተም ቤት ስታይ ቧንቧውን ከፍተህ ቅመስ፤ አከራዩ ቢስቅብህም ቅመስ። ጣራ ላይ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ያለው ቤት ካገኘህ፣ በር ባይኖረው እንኳ ተከራየው።

በማግስቱ ከተማ ወዳለው የደላላው ቢሮ ሄድን። ስሙን አልጠራም፤ ጠበቃ የማቆምበት ገንዘብ እዚያው ቀርቷል። ሁለት ስልክ የያዘ አንድ ጎልማሳ ጠረጴዛው ላይ የካሹ ፍሬ ዘርግቶ እየላጠ ይበላል። ጉዳያችንን በእንግሊዝኛ አስረዳሁት፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩበት ቋንቋ ነው። አንገቱን ሳያቀና ሰማኝና፦ «ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል። ይቆያል ብሎ የነገረሽ ሰው አለ?» አለኝ። መያዣችንን መልስልን ብለው ውሉን ከመሳቢያ አውጥቶ በጥፍሩ አንድ መስመር አሳየኝ። እሺ ለከፈልነው ደረሰኝ ስጠን አልኩት፤ ደረሰኝ የምትጽፈው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት አለ። ልጅቷ ከፈቃድ ስትመለስ ሄድን፤ የደረሰኙ ጥራዝ አለቃው ቤት ነው አለችን። አለቃው ሲመጣ ሄድን፤ እሱ ደግሞ ልጅቷን ጠይቁ አለ። አንድ ቀን ተቀምጠን ስንጠብቅ ሁለት ፈረንጆች ገቡ። ያ ሰውዬ ከመቀመጫው ሲነሣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት! ባለቤቴ የተቀመጠበትን ወንበር «ይቅርታ» ብሎ ተቀብሎት ለእነሱ ዘረጋላቸው፤ ቀዝቃዛ ውኃም መጣላቸው። የታመመው የእኔ ባል ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ገንዘቡን ልረሳው እችል ይሆናል፣ ወንበሩን ግን አልረሳም።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼዋለሁ፤ ነገሬ በቁጥር የሚሄድ አይደለም።

ያዳነን የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። በኬንያ ገጠር እያንዳንዱ መንደር ሽማግሌ አለው፤ ከበላዩ ረዳት ቺፍና ቺፍ የሚባሉ የመንግሥት ሹሞች አሉ። ይህን የነገረኝ ሱቅ ሻጩ ነው። ባለቤቴ «በሰው አገር ሽማግሌ ፊት ቆመሽ ምን ልትዪ ነው?» ቢለኝም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር አስተረጎመልኝ። ሽማግሌው ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ። ስዋሂሊዎች ለታላቅ ሰው «ሺካሞ» ይላሉ፤ እሱን ብቻ አስቀድሜ አጥንቼ ነበር። እሳቸው ወዲያው ወደ ጉዳዩ አልገቡም። ስንት ልጆች እንዳሉኝ፣ አገሬ ዝናብ መዝነብ አለመዝነቡን፣ ባሌ እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም እንደ አገሬ ወግ ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ በኋላ ነው የቤቱን ባለቤት ያስጠሩልኝ።

ባለቤትየዋ እዚያው መንደር ውስጥ የሚኖሩ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ እናት ሆነው ተገኙ። ቤቱ የቢሮው መስሎን ነበር እኮ! መምህሩ የከፈልነውን ገንዘብ ሲነግራቸው ያገለደሙትን ካንጋ ሰብስበው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ለእሳቸው የደረሳቸው ሲሦው እንኳ አልነበረም። «እንግዶቹ የሚከፍሉት ይህንን ነው» ተብለው በዚያ ዋጋ ስንት ዘመን አከራይተዋል። እኔ የተታለልኩት አንድ ጊዜ ነው፤ እሳቸው በእያንዳንዱ ተከራይ ነው የተዘረፉት። ሽማግሌው ስልክ አንሥተው ቢሮውን አናገሩ። ምን እንዳሉት አልገባኝም፤ ድምፃቸውም ከፍ አላለም። በሳምንቱ ከመያዣው ከፊሉ ተመለሰልን። ቀሪው የውሻ ደም ሆኖ ቀረ።

ያች እናት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሌላ ቤት ነበራቸው፤ ግድግዳው በኮራል፣ ማለትም ከባሕር ፍጥረታት ቅሪት በተፈጠረ ድንጋይ የተሠራ፣ ጣራው ማኩቲ፣ ማለትም የተጠለፈ የኮኮናት ቅጠል። በረንዳ የለውም፣ ፎቶግራፍ ላይም አያምርም። ግን ነፋስ ያገኘዋል፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ አለው፣ ትንሽ ሲራመዱ ነጭ አሸዋ ላይ ያወርዳል። እዚያ ገባንና ኪራዩን በየወሩ በቀጥታ ለእሳቸው ከፈልን። እዚያ አገር ዋናው መክፈያ ኤምፔሳ ነው፤ ዓሣ አጥማጁም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ኮኮናት ሻጩም በእሱ ነው የሚቀበልህ። ሲም ካርዱን በፓስፖርትህ በራስህ ስም አስመዝግብ እንጂ «የእኔን ተጠቀሙበት» የሚል ደግ ሰው አትስማ። በስልክ የተከፈለ ገንዘብ ማስረጃው እጅህ ላይ ይቀራል፤ ፈቃድ የምትወጣ ደረሰኝ ጸሐፊ የለችበትም። የመብራት ቆጣሪውም ቅድመ ክፍያ ነው። ቤቱን ከመረከብህ በፊት በቆጣሪው ቁጥር ትንሽ ሒሳብ ሞልተህ መሥራቱን አረጋግጥ።

ስለ ስንቅ ጠይቀሃል። በርበሬና ሽሮ ያዙ፤ ነገር ግን በፌስታል እንዳትይዙ! ኬንያ ከነሐሴ 2017 (በእነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት አግዳለች፤ ሕጉ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ቅጣት ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት የሚያደርስ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንዲት የአገራችን እናት ፌስታሉን ተውት ተብለው በርበሬያቸውን ወደ ነጠላቸው ጫፍ ሲገለብጡ አይቻለሁ። ፈታሹ ፖሊስ ሲያስነጥስ፣ እሳቸው «ይማርህ» እያሉ ሲቋጥሩ፣ ወረፋው በሙሉ ዓይኑን ሲያሽ። የእኔ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ተጭኖ ስለነበር በኩራት አለፍኩ። ቆርቆሮው ለሌላም ይጠቅማል፤ የባሕሩ እርጥበት በወረቀት የተያዘን ሽሮ ቶሎ ያጓጉለዋል። ጤፍ ከያዛችሁ ሊጡን አዲስ አበባ እንደለመዳችሁት ቀናት አታቆዩት፤ በዚያ ሙቀት በአንድ ቀን ይቦካል። ጾመኛ ከሆናችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ። የዚያ አገር ሰው ባቄላውንም፣ የእርግብ አተሩንም፣ ጎመኑንም በኮኮናት ወተት ነው የሚሠራው፤ ቅቤ ሳይነካው የቅቤ ያህል ይጣፍጣል። አከራያችን የእርግብ አተር በኮኮናት ሠርተው ከማለዳ ዳቦ ጋር ሲልኩልን ባለቤቴ የእኔን ሽሮ ለጥቂት ቀናት ረስቶት ነበር። ይህን ለልጆቼ አልነገርኩም።

ሰዓታቸው የእኛው ነው። ፀሐይ ስትወጣ ቆጠራ ይጀምራሉ፤ የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ለእነሱም ሁለት ሰዓት ነው። በመላው ዓለም ሰዓቴን ማስረዳት ሰልችቶኝ እዚያ ስደርስ እንደ ዘመድ ቤት ቆጠርኩት። ችግሩ፣ ከቱሪስት ጋር የሚሠሩት ወጣቶች በእንግሊዝኛ ሲናገሩ በፈረንጅ ሰዓት ይናገራሉ፤ አባቶቻቸው በስዋሂሊ ሲናገሩ በራሳቸው። ጀልባ ስትቀጥር «ጠዋት ነው ማታ? ፀሐዩ የት ሲደርስ?» ብለህ ጣትህን ወደ ሰማይ ቀስረህ ጠይቅ። የባቡርና የአውሮፕላን ትኬት ግን ሁልጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ነው።

መቼ እንደምትሄዱ አልጻፍክም። ሚያዝያና ግንቦት ዋናው ዝናብ ነው፤ መንገዱ ይጨቀያል፣ ትንኙ ይፈላል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ያኔ ይሞቃል፣ ባሕሩ ግን ይረጋጋል። ከዚያ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ምሥራቁ ይተካና አየሩ ቀዝቀዝ፣ ባሕሩ ደፍረስ ይላል። ደላላው ከማሊንዲ አጠገብ ያለ ቤት ካሳየህ ደግሞ ይህን እወቅ፤ ሳባኪ የሚባለው ወንዝ ከከተማዋ በስተሰሜን ባሕር ይገባል፤ በዝናብ ወራት የሚያመጣው አፈር ውኃውን ቡናማ ያደርገዋል። የፎቶግራፉ ሰማያዊ የየትኛው ወር እንደሆነ ጠይቅ።

ወባን አትናቁ። አዲስ አበባ ወባ ስለሌለባት ሰውነታችን አያውቃትም፤ ዳርቻው ላይ ዓመቱን ሙሉ አለች። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ስለ መከላከያ ክኒን አማክሩ፤ አጎበሩንም ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቤቱ ውስጥ የምታገኙት ቀዳዳው ብዙ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ በእግራችሁ ከወጣችሁ ላስቲክ ጫማ ይኑራችሁ፤ ድንጋዩ ሥር ጥቁር እሾሃቸው የቆመ ክብ ፍጥረታት አሉ፤ እሾሁ ተረከዝ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። የመንደሩ ሴቶች ብረት ይዘው በባዶ እግራቸው ከድንጋይ ሥር ኦክቶፐስ ሲያወጡ አይተህ እንዳትከተላቸው። እነሱ እያንዳንዱን ጉድጓድ ያውቁታል።

«ጸጥ ያለ» ስትል ደግሞ የምትፈልገው ጸጥታ የትኛው እንደሆነ ከባለቤትህ ጋር ተነጋገሩ። መኪና የለም፣ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን ሊነጋ ሲል አዛን አለ፣ ዶሮ አለ፣ ሠርግ ሲኖር ከበሮው እስከ ንጋት ነው። ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ጎረቤቶች ይህ ብርቅ አይደለም። ባለቤቴን ያስነሣው ሌላ ነበር፤ ሌሊት ዛፍ ላይ የሚጮኽ፣ ድምፁ ቁርጥ የሕፃን ለቅሶ የሆነ ዓይኑ ፈጣጣ ትንሽ አውሬ አለ። ባትሪ ይዞ በፒጃማ ወጥቶ የተጣለ ልጅ ሲፈልግ አከራያችን አግኝተውት ሳቁበት። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁሉ «ልጁን አገኘኸው?» እያለ ነበር ሰላም የሚለው።

የሚታይ ነገር ከፈለጋችሁ ጌዴ አለላችሁ፤ በደን ውስጥ የፈረሰ ጥንታዊ የስዋሂሊ ከተማ ነው፤ በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በጠዋት ሂዱ። ሙዝ በእጃችሁ አትያዙ፤ ጦጣዎቹ አይለምኑም፣ ይነጥቃሉ።

ሥራህን በኢንተርኔት እንደምትሠራ ጠቅሰሃል። እኔ በኢንተርኔት የምሠራው ከልጆቼ ጋር መነጋገር ብቻ ስለነበር ብዙ ልልህ አልችልም፤ በስልኩ ሲም ካርድ ፊታቸውን ያለ መቆራረጥ አይ ነበር፣ መብራት ሲጠፋ ግን ስልኩም እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ትርፍ ባትሪ ያዝ። የአከራያችንን ስልክ እዚህ አደባባይ ላይ አልጽፈውም፤ ዋጋ እየተከራከረ የሚያደክማቸው ሰው ይበዛል። በውስጥ መስመር ጻፍልኝና የምትሄዱበትን ወር ንገረኝ፤ ቤታቸው ባዶ ከሆነ እኔ ደውዬ እነግርልሃለሁ። ስትደርሱ ግን ዋጋውን ከእሳቸው ጋር ራሳችሁ ተነጋገሩ፤ እኔ በመሃል የለሁበትም።